የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ማስተርስ፦ ከድሬ ለሚነሳ ሰው ምን ያስገኛል?

የሳቢያን ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ የሕግ ሰዎች። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አራተኛ ዓመት ላይ ነኝ። ስመረቅ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ማስተርስ ለመማር አስቤያለሁ። የማማክረው ሰው ግን ወይ «ከሄድሽ እዚያው ቅሪ» ይለኛል፣ ወይ «ለኛ አገር የማይሆን ትምህርት ነው» ይለኛል። ሁለቱም መልስ አልሆነኝም።

ማወቅ የምፈልገው ይሄን ነው። ትምህርቱ ውስጡ ምን አለው? ስጨርስ እዚያ ጠበቃ መሆን እችላለሁ ወይ? ካልሆነስ ድሬ ወይም ሐረር ተመልሼ በዚህ ዲግሪ ማን ያሠራኛል? ፈረንሳይኛ ግድ ነው? ስኮላርሺፕና የዶክመንት አካሄድ የምታውቁም በዝርዝር ጻፉልኝ፣ ቢረዝምም አነባለሁ።

ገንደ ቆሬ፦

አቦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ከጥብቅናው ልጀምርልሽ፣ ብዙ ሰው ገንዘቡንም ዕድሜውንም የሚያባክነው እዚያ ላይ ስለሆነ።

የአንድ ዓመት ማስተርስ ብቻውን በየትኛውም የኅብረቱ አገር የጥብቅና ፈቃድ አያሰጥም። ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ አገር ነው እንጂ ኅብረቱ አይደለም። ጀርመንን ብትወስጂ ሁለት የመንግሥት ፈተናዎች አሉ፣ በሁለቱ መካከል ሁለት ዓመት የሚፈጅ የተግባር ሥልጠና አለ፣ ሁሉም በጀርመንኛ ነው። ጠበቆች ከአንዱ አባል አገር ወደ ሌላው ተሻግረው እንዲሠሩ የሚፈቅደው የ1998ቱ የኅብረቱ ሕግ (ዳይሬክቲቭ) የተጻፈው የአባል አገር ዜጋ ለሆነና ፈቃዱንም ከአባል አገር ላገኘ ሰው ነው። በኢትዮጵያ ፈቃድ በዚያ በር መግባት አይቻልም። እንግሊዝ ከ2021 ወዲህ የውጭ ዲግሪ ያለውም የሚፈተነው የሶሊሲተርነት (የጠበቃነት) ፈተና አላት፣ ከፈተናው ጋር ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ትጠይቃለች። ግን እንግሊዝ ከኅብረቱ ከወጣች ቆይታለች፣ እሱ ሌላ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ሰው የሚሳሳትበት ተስፋ የብራሰልስ ቋሚ ሥራ ነው። በኅብረቱ ተቋማት ቋሚ ሠራተኛ ለመሆን የአባል አገር ዜግነት ያስፈልጋል፣ ይህ በሠራተኞች ደንባቸው ውስጥ በግልጽ የተቀመጠ ነው። ለሌላ አገር ዜጋ የተከፈተው የኮሚሽኑ የአምስት ወር ልምምድ ነው። የኪስ ክፍያ አለው፣ በዓመት ሁለት ዙር በማርችና በኦክቶበር ይጀምራል። ከኅብረቱ ውጭ ለሚመጣ የሚያዘው ወንበር ግን ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ያለው የኅብረቱ ልዑካን ጽሕፈት ቤትም ኢትዮጵያውያንን በአገር ውስጥ ቅጥር ያሠራል፣ ያንን ማስታወቂያ መከታተል ይጠቅማል።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው ተስፋ ላስቆርጥሽ አይደለም። ትምህርቱ የሚከፍለው በሌላ በኩል ነው፣ እሱን ሌሎች ይጻፉት። እኔ ስለ ይዘቱ ልበል።

አንድ ዓመት የሚፈጀው ማስተርስ 60 የአውሮፓ ክሬዲት ነው። አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ስለሚታሰብ በጠቅላላ ከ1,500 እስከ 1,800 ሰዓት ይሆናል፣ መመረቂያ ጽሑፉንም ጨምሮ። መጀመሪያ የተቋማቱ ሕግ ይመጣል፦ ኮሚሽኑ ሕግ ያመነጫል፣ ፓርላማውና የሚኒስትሮች ምክር ቤቱ ያጸድቃሉ፣ ሉክሰምበርግ ያለው ፍርድ ቤት ይተረጉማል። ሬጉሌሽን ከወጣ በ27ቱም አገሮች እንዳለ በቀጥታ ይሠራል። ዳይሬክቲቭ ግን ግቡን አስቀምጦ አፈጻጸሙን ለየአገሩ ሕግ አውጪ ይተወዋል፣ አገሩ በተሰጠው ቀነ ገደብ ወደ ራሱ ሕግ መገልበጥ አለበት። ይህን ልዩነት ያልያዘ ተማሪ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይምታታበታል።

ቀጥሎ የውስጥ ገበያው ነው፦ የዕቃ፣ የሰው፣ የአገልግሎትና የካፒታል ነፃ ዝውውር። ከዚያ የውድድር ሕግ፣ ከዚያ ምርጫ ኮርሶች።

መሠረቱን የጣሉትን ፍርዶች ከመሄድሽ በፊት አንብቢያቸው። የ1963ቱ የቫን ኼንድ ኤን ሎስ ጉዳይ የጉምሩክ ክርክር ነው። አንድ የኔዘርላንድ አስመጪ ከጀርመን ኬሚካል ሲያስገባ ቀረጡ ከ3 በመቶ ወደ 8 በመቶ ከፍ ብሎ ጠበቀው። አስመጪው የኅብረቱ መነሻ የሆነውን የሮምን ስምምነት ጠቅሶ መንግሥትን ከሰሰ፣ ፍርድ ቤቱም ግለሰብ ስምምነቱን በአገሩ ፍርድ ቤት መጥቀስ ይችላል አለ። ድሬ ላይ የዲክላራሲዮን (የጉምሩክ መግለጫ) ክርክር ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በዓመቱ በኮስታ ጉዳይ፣ ከጣሊያን የመብራት ሂሳብ በተነሳ ክርክር፣ የኅብረቱ ሕግ ከአገር ሕግ በላይ መሆኑ ተወሰነ። የ1979ኙ የካሲስ ደ ዲዦን ፍርድ ደግሞ በአንድ አባል አገር በሕጋዊ መንገድ የተሸጠ ዕቃ ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ሊከለከል አይገባም የሚለውን አመጣ። ጀርመን ሊኬሩ ቢያንስ 25 በመቶ አልኮል ይኑረው ስትል የፈረንሳዩ መጠጥ ከ15 እስከ 20 ብቻ ነበረው።

የኢትዮጵያ ሕግ ተማሪ ከብዙዎች የሚሻልበት ነገር አለ። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቀው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ስለሆነ የአህጉሩ የሕግ አስተሳሰብ እንግዳ አይሆንብሽም። የሰበር ሰሚ ችሎት ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንደሚያስገድድም ታውቂያለሽ። ሉክሰምበርግ ላይ ግን አካሄዱ ይለያል። የአገሩ ዳኛ መዝገቡን ሳይዘጋ የትርጉም ጥያቄውን ወደ ሉክሰምበርግ ይልካል፣ ትርጉሙ ሲመለስ በራሱ ጉዳይ ላይ ተፈጻሚ ያደርገዋል። ይግባኝ አይደለም፣ ሰበርም አይደለም። ፈተና ላይ «ተከራካሪው ወደ ሉክሰምበርግ ይግባኝ ይላል» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ነጥቡ እዚያው ይቆረጣል።

ሌላው የተለመደ ስህተት ስትራስቡርግንና ሉክሰምበርግን ማደባለቅ ነው። ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት የአውሮፓ ምክር ቤት ተቋም ነው፣ 46 አባል አገሮች አሉት፣ የኅብረቱ አይደለም። ለማመልከቻ በሚጻፈው ደብዳቤ ላይ ሁለቱን ያምታታ አመልካች መምህሮቹ ፊት ወዲያው ይጋለጣል።

ለገሃሬ፦

ገንደ ቆሬ ያለው ሁሉ ልክ ነው። ሥራው የት አለ ለሚለው ልምጣ።

የኅብረቱ ሕግ እዚህ ምሥራቅ የሚገኘው በከረጢት ላይ ነው። የሐረር ቡና ድሬ ተዘጋጅቶ በጅቡቲ ሲወጣ የሚጠብቀው አንድ ሕግ አይደለም። በቀረጥ በኩል ኢትዮጵያ ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉንም በሚለው ሥርዓት ምርቷን ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ ታስገባለች። ግን ዕቃው ኢትዮጵያ ውስጥ የተመረተ መሆኑን ላኪው ራሱ በመግለጫ ማረጋገጥ አለበት። የዕቃው ዋጋ ከ6,000 ዩሮ ካለፈ ላኪው በሬክስ የላኪዎች መዝገብ የተመዘገበ መሆን አለበት። ሳይመዘገብ ከላከ ወይም የመግለጫው ቃል ከተዛባ ገዢው ሙሉ ቀረጥ ይጠየቃል፣ ገዢው ደግሞ ሂሳቡን ወደ ላኪው ይመልሳል። ይሄን የሚያይ ሕግ አዋቂ ያለው ላኪ ጥቂት ነው፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ ለትራንዚተሩ ይተዋል።

ከዚያ የደን ጭፍጨፋ ሬጉሌሽኑ አለ፣ ቁጥር 2023/1115። ቡና፣ ካካዎ፣ ከብት፣ ጎማ፣ አኩሪ አተር፣ የዘንባባ ዘይትና እንጨት ላይ ይሠራል። መተግበሪያ ጊዜው ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፣ ስለዚህ ቀኑን ሁልጊዜ ከተሻሻለው ጽሑፍ ላይ አረጋግጪ እንጂ ከሰው አትስሚ። ዋናው ፍሬ ነገር ሦስት ነው። ቡናው ከእ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ መሆን የለበትም፣ በተመረተበት አገር ሕግ መሠረት የተመረተ መሆን አለበት፣ የማረጋገጫ መግለጫም ሊኖረው ይገባል። ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ዙሪያው በነጥቦች ይለካል፣ ለሌላው አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል። የሐረርጌ ገበሬ ማሳ ትንሽ ስለሆነ በአብዛኛው አንድ ነጥብ ነው የሚያስፈልገው። መጋጠሚያው ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ መያዝ አለበት፣ በአሃዝ ጉድለት ብቻ ፋይሉ የሚመለስ አለ።

ሁሉም ስለ ጂፒኤሱ ያወራል፣ ለሕግ ሰው ግን ሁለተኛው ሁኔታ ነው ትልቁ። «በአገሩ ሕግ መሠረት» ሲባል የመሬት ይዞታ መብት አለ፣ የሠራተኛ መብት አለ፣ የአካባቢ ጥበቃ አለ፣ ታክስ አለ። የጀርመን ገዢ ጠበቃ የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም። ደብተሩ በአባት ስም ሆኖ ልጅ የሚያርሰው መሬት፣ በኪራይ የተያዘ ማሳ፣ ደብተር ያልወጣለት መሬት ሕጋዊነቱ በምን ይረጋገጣል? ይሄን በጽሑፍ ማብራራት የሚችለው የኢትዮጵያን የመሬት ሕግ የሚያውቅና ሬጉሌሽኑንም አንቀጽ በአንቀጽ ያነበበ ሰው ነው። እንደዚያ ያለ ሰው ለላኪውም፣ ለኅብረት ሥራ ዩኒየኑም፣ ለገዢውም ያስፈልጋል።

የባቢሌ ኦቾሎኒም አለ። በኅብረቱ ወሰን ለቀጥታ ምግብ የሚሆን ኦቾሎኒ አፍላቶክሲን ቢ1 (ሻጋታ የሚፈጥረው መርዝ) በኪሎ ከ2 ማይክሮግራም፣ ጠቅላላው ከ4 መብለጥ የለበትም። ገና ተለቅሞ ለሚጣራው 8 እና 15 ነው። ሁለቱ ወሰኖች በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ስላሉ ውል ላይ የትኛው ምድብ እንደሆነ ያልጻፈ ሻጭ ጠባቡ ወሰን ይጫንበታል። እርጥብ ሳለ ከተከማቸ ሻጋታው ያድጋል፣ እሱ የግብርና ጉዳይ ነው። ጭነቱ ወደብ ላይ ሲወድቅ ኪሳራውን ማን ይሸከማል የሚለው ግን የውል ጉዳይ ነው፣ ያንቺ ሥራ እዚያ ይጀምራል። ሰሊጥም በሳልሞኔላ ምክንያት ጠበቅ ያለ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዝርዝር ገብቶ ያውቃል። ዝርዝሩ በየጊዜው ስለሚከለስ ውል ከመፈረሙ በፊት መታየት አለበት።

ስለዚህ እኔን ብትጠይቂኝ ምርጫ ኮርስሽ የውጭ ንግድ፣ የጉምሩክና የምግብ ደኅንነት ሕግ ይሁን። የስደተኞች ሕግና የሕገ መንግሥት ንድፈ ሐሳብ ደስ ይላል፣ ጥሩም ያስተምራል፣ ድሬ ላይ ግን ደንበኛ አያመጣም።

ሸንኮር፦

ለገሃሬ ንግዱን በደንብ አስረድቷል፣ አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። ሥራውን ላኪዎች ብቻ ላይ ካሰርሽው ይጠብሻል።

የግል መረጃ ጥበቃን ተመልከቺ። የኅብረቱ የመረጃ ሬጉሌሽን፣ 2016/679፣ ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ ይሠራል። በአንቀጽ 3 መሠረት አውሮፓ ላለ ሰው አገልግሎት የሚያቀርብ ድርጅት ቢሮው ኢትዮጵያ ቢሆንም ሊያርፍበት ይችላል። አስጎብኚ ድርጅት፣ ኦንላይን የሚሸጥ፣ ለአውሮፓ ኩባንያ የዳታ ሥራ የሚሠራ ሁሉ ይነካዋል። መረጃ ካመለጠ በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለ፣ ቅጣቱ እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም እስከ ዓመታዊ የዓለም ሽያጭ 4 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው። አገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት፣ የሚቆጣጠረውም የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ብዙ ጽንሰ ሐሳቡ ከአውሮፓው ጋር ስለሚቀራረብ የሉክሰምበርግን ፍርዶች ያነበበ ሰው አዋጁን ሲተረጉም ከሌላው ይቀድማል። ባንኮችም ቴሌኮሞችም ለዚህ ሰው ይፈልጋሉ።

ሌላው የአፍሪካ ውህደት ነው። አገራችን የአህጉራዊ ነፃ ንግድ ስምምነቱን አጽድቃለች፣ የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) አባል ናት፣ የዓለም ንግድ ድርጅት አባልነትን ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጠይቃለች። የዕቃ መነሻ ደንብ፣ የቴክኒክ መሥፈርት እውቅና፣ የክልል ፍርድ ቤት ሥልጣን፣ እነዚህን ሁሉ በዝርዝር ፈትኖ ያየው የአውሮፓ ሕግ ነው። ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር፣ የአፍሪካ ኅብረት፣ ሊሎንግዌ ያለው የኮሜሳ የውድድር ተቋም እዚህ ላይ ይሠራሉ። ድሬም በነሐሴ 2014 የተመረቀ ነፃ የንግድ ቀጠና አላት፣ የዕቃ መነሻ ጥያቄ እዚያም አይቀርም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ከምረቃ በቀጥታ አትሂጂ። ሁለት ዓመት ሥራ ያዥ። የብሪታንያው ቺቭኒንግ ስኮላርሺፕ ሁለት ዓመት ልምድ፣ ማለትም 2,800 ሰዓት፣ ይጠይቃል። ሌሎችም ብዙዎች ልምድ ያለውን ያስቀድማሉ። ያለ ልምድ የተመለሰ ማስተርስ ደግሞ እዚህ ቀጣሪ ፊት ደካማ ነው፣ ክስ መጻፍና ውል ማርቀቅ አያስተምሩሽማ።

ገንደ ቆሬ፦

ሸንኮር በመጨረሻው ላይ እኔ ግማሽ ነው የምስማማው። ልምድ ጥሩ ነው፣ የኅብረቱ የማስተርስ ስኮላርሺፕ ኢራስመስ ሙንዱስ ግን የሥራ ልምድን እንደ ግዴታ አይጠይቅም። ውጤቷ ጥሩ ከሆነ በመጨረሻው ዓመት ብታመለክት የምታጣው ነገር የለም። የእንግሊዝኛ ፈተናው ክፍያ ነው ወጪው።

የሳቢያን ልጅ፦

አላህ ይስጣችሁ፣ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅኩም። ለገሃሬ የይዞታ ደብተሩ ጉዳይ በጣም ገባኝ፣ የመሬት ሕግ ላይ ውጤቴም ጥሩ ነው። አሁን የቀረኝ ቋንቋና ዶክመንት ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍም ከኛ አካባቢ የሚነሳ ርዕስ ካለ ጠቁሙኝ።

ጁገል፦

ቋንቋውን አስቀድሜ ልመልስ። ለኔዘርላንድ፣ ለስዊድን፣ ለብዙ የቤልጂየምና የጀርመን ፕሮግራሞች እንግሊዝኛ ብቻ ይበቃል። የሕግ ማስተርሶች አይልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ብዙ ጊዜ 7 አካባቢ ይጠይቃሉ፣ አካዳሚክ የሚባለውን ዓይነት ነው የምትፈተኚው። አመልካቾችን የሚጥለው ጠቅላላ ውጤቱ ሳይሆን የጽሑፉ ክፍል ለብቻው ከተጠየቀው ማነሱ ነው። ውጤቱ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ስለሆነ ገና በሦስተኛ ዓመት ተፈትነሽ ብታስቀምጪው ይቃጠላል።

ፈረንሳይኛ ግድ የሚሆነው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ብሩዥ ያለው የአውሮፓ ኮሌጅ ነው፣ በ1949 የተቋቋመ፣ የሕግ ትምህርቱ በእንግሊዝኛም በፈረንሳይኛም ይሰጣል። ሁለተኛው ራሱ ፍርድ ቤቱ ነው። ዳኞቹ እርስ በርስ የሚመካከሩት በፈረንሳይኛ ነው፣ የፍርዱ ረቂቅም የሚጻፈው በዚያው ነው። ድሬ ከብዙ ከተማ የምትሻለው እዚህ ላይ ነው፣ ፈረንሳይኛ የሚያስተምረው አሊያንስ እዚያው አለላችሁ። ከዜሮ ተነስቶ ቢ2 የሚባለው ደረጃ ለመድረስ ከ500 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። በሳምንት ስድስት ሰዓት ብታጠኚ ወደ ሁለት ዓመት ይጠጋል፣ አራተኛ ዓመት ላይ ሆነሽ ዛሬ ብትጀምሪ አይረፍድም። ዴልፍ የሚባለው የፈረንሳይኛ ዲፕሎማ ጊዜ አያልፍበትም፣ አይልትስን ከማስቀደም እሱን ማስቀደም ይሻላል።

ወደ ዶክመንቱ። በሴፕቴምበር ለሚጀምር ትምህርት ሥራው የሚጀምረው ካለፈው ዓመት ክረምት ነው። ቺቭኒንግ ከነሐሴ እስከ መስከረም መጨረሻ ገደማ ያመለክቱበታል፣ የኢራስመስ ሙንዱስ ፕሮግራሞች ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ በየራሳቸው ቀን ይዘጋሉ። ኢራስመስ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፣ የትምህርት ክፍያውንም ይሸፍናል። ዝርዝሩ በየዓመቱ ይቀየራል፣ አዳዲስ ይገባሉ፣ ጊዜያቸው ያለቀ ይወጣሉ። አምና የነበረ ዘንድሮ ስኮላርሺፕ አለው ብለሽ አትደምድሚ።

ስኮላርሺፕ ከሌለ ሂሳቡ ከባድ ነው። ኔዘርላንድ ከኅብረቱ ውጭ ለሚመጣ ተማሪ የዓመት ክፍያው ብዙ ጊዜ ከ15 ሺህ ዩሮ በላይ ነው። ጀርመን ለቪዛ በዝግ ሂሳብ 11,904 ዩሮ እንዲታይ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ትጠይቃለች፣ በወር 992 ማለት ነው። ተቀማጩ በአንድ ጊዜ ነው የሚገባው፣ ከውጭ ምንዛሪ ፈቃዱ ጋር ጊዜ ስለሚወስድ የመግቢያ ደብዳቤው በደረሰ ቀን መጀመር ነው።

ሰዎች ከሚሰናከሉባቸው ውስጥ ትልቁ የወጪ መጋራት ነው። ካልተከፈለ ወይም ስምምነቱ ካልተዘጋ ዋናው ዲግሪ አይወጣም፣ ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) ብቻ ይዘሽ ትቀሪያለሽ። ለማመልከቻ ቴምፖው ብዙ ቦታ ያልፋል፣ ለመጨረሻው ምዝገባ ግን ዋናውን የሚጠይቁ አሉ። ስቱደንት ኮፒና ኦፊሻል ትራንስክሪፕትም አይምታቱብሽ። ኦፊሻሉ በታሸገ ፖስታ ወይም በቀጥታ ከሬጅስትራሩ ነው የሚሄደው፣ አንቺ ከፍተሽ ስካን ካደረግሽው ዋጋ ያጣል። ከሬጅስትራር ስትወስጂ ቢያንስ ሦስት ታሽጎ እንዲሰጥሽ ጠይቂ።

የስም አጻጻፍ ሌላው ነው፣ እኛ አካባቢ ደግሞ ይበዛል። መሐመድ፣ አብዱራህማን፣ ፋጡማ በላቲን ፊደል በየሰነዱ ሌላ ሌላ ተጽፈው ይገኛሉ። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰርተፊኬት አንድ ዓይነት፣ በዲግሪው ሌላ፣ በፓስፖርቱ ሌላ። ኤምባሲው አንድ ሰው መሆንሽን እንድታስረጂ ይጠይቃል፣ በዚያ ሰዓት ማረሚያ ማግኘት ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ፓስፖርቱን ገና ካላወጣሽ በዲግሪው ላይ በሚወጣው ፊደል አውጪው። አውጥተሽ ከሆነ ሬጅስትራሩ ዲግሪሽን ከማተሙ በፊት የፓስፖርቱን አጻጻፍ በደብዳቤ አሳውቂ። ፓስፖርቱ ላይ የአባትና የአያት ስም በየትኛው ቦታ እንደተቀመጠም አይተሽ ማመልከቻውን በዚያው ቅደም ተከተል ሙዪ።

ማረጋገጡ በቅደም ተከተል ነው፦ ዩኒቨርሲቲው፣ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ውጭ ጉዳይ፣ ኤምባሲ። አንዱን ዘለሽ ወደ ሌላው ብትሄጂ ይመልሱሻል፣ ከድሬ አዲስ አበባ የሄድሽበት ትኬት ይባክናል። ከመሄድሽ በፊት የምታመለክቺበት የውጭ ዩኒቨርሲቲ የትኛውን ደረጃ እንደሚፈልግ በኢሜይል ጠይቂ፣ ሁሉም ሙሉውን አይጠይቁም።

ከተመለስሽ በኋላም የውጭው ዲግሪ የአቻ ግምት ያስፈልገዋል። ለዚያ የኮርሶቹን ዝርዝርና ክሬዲት የያዘውን ሰነድ ሳትይዢ አትምጪ። እዚያ ትንሽ ልቆይ ካልሽ ኔዘርላንድ ከምረቃ በኋላ የአንድ ዓመት፣ ጀርመን የ18 ወር ሥራ መፈለጊያ ፈቃድ ይሰጣሉ።

ለገሃሬ፦

ለጽሑፍ ርዕስ ሁለት ነገር በአእምሮዬ አለ።

የመጀመሪያው ጫት ነው። ኔዘርላንድ በ2013፣ ብሪታንያ ገና አባል ሳለች በ2014 ከለከሉት፣ የአወዳይ ገበያም በዚያ ተነካ። ኅብረቱ ራሱ አልከለከለም፣ እያንዳንዱ አገር ነው የከለከለው። ጥያቄው እንግዲህ ይሄ ነው፦ ዕቃ በነፃ ይዘዋወራል የሚለው የኅብረቱ ስምምነት አንቀጽ 34 እያለ አንድ አገር ብቻውን መከልከል የሚችለው በምን መሠረት ነው? አንቀጽ 36 የሰው ጤናን እንደ ምክንያት ይቀበላል፣ ግን ተመጣጣኝነቱ መፈተሽ አለበት። የኅብረቱ ሥልጣን የት ያበቃል፣ የአባል አገሩ የት ይጀምራል የሚለው ከዚህ በላይ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ርዕስ ለኛ ሰው የለም። ነገሩ ስሜት ያዘለ ስለሆነ ግን ስለ ጫት ጥሩነትና መጥፎነት መጻፍ አይደለም፣ የሥልጣን ክፍፍሉን መጻፍ ነው።

ሁለተኛው የሐረር ቡና ስም ነው። ኢትዮጵያ የሐረርን፣ የሲዳሞንና የይርጋጨፌን ስም በጂኦግራፊያዊ አመልካችነት ሳይሆን በንግድ ምልክትነት ማስጠበቅን መረጠች። ኅብረቱ ደግሞ ለጂኦግራፊያዊ አመልካች የራሱ ጠንካራ ሥርዓት አለው፣ አሁን በሬጉሌሽን 2024/1143 የተደራጀ። ምልክቱ ባለቤቱ መንግሥት ሆኖ በፈቃድ ውል ይሠራል፣ በየጊዜውም ይታደሳል። አመልካቹ ደግሞ የምርት ዝርዝር መግለጫና ቁጥጥር ይጠይቃል፣ ማለትም ከየትኛው ወረዳ፣ በምን አደራረቅ፣ ማን እያረጋገጠ። ለጀንፈል ቡና ገበሬ የትኛው ይሻላል? የቁጥጥሩን ወጪ ማን ይከፍላል? እዚህ ላይ ሐረርጌ ወርደሽ መረጃ መሰብሰብ ትችያለሽ፣ አውሮፓ ያለ የክፍልሽ ልጅ ግን አይችልም።

ገንደ ቆሬ፦

የቡናው ርዕስ ይሻላል እላለሁ፣ ቀጣሪም ያነበዋል።

ለሁለቱም ግን ምንጩን በነፃ ታገኚዋለሽ። ሕጉ ሁሉ ዩር-ሌክስ በሚባለው የኅብረቱ ድረ ገጽ ላይ አለ፣ ፍርዶቹ ኩሪያ በሚባለው የፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ። ዩር-ሌክስ ላይ ለእያንዳንዱ ሰነድ ሴሌክስ የሚባል መለያ አለው። ለሕግ በ3 ይጀምራል፣ ቀጥሎ ዓመቱ በአራት አሃዝ፣ ቀጥሎ ለሬጉሌሽን «አር»፣ ለዳይሬክቲቭ «ኤል»፣ መጨረሻ የሰነዱ ቁጥር በአራት አሃዝ። የመረጃ ሬጉሌሽኑ 3፣ 2016፣ አር፣ 0679 ተያይዞ ይጻፋል። ፍርድ ከሆነ በ6 ይጀምራል። በዚህ ከፈለግሽ በቀጥታ ያወጣልሻል፣ በርዕስ ከፈለግሽ ግን በማሻሻያ ሰነዶች ትጥለቀለቂያለሽ። ሁልጊዜ ማሻሻያዎቹ የተካተቱበትን ጽሑፍ ክፈቺና ከላይ ያለውን ቀን ተመልከቺ።

ፍርድ ስታነቢ ከመጨረሻው ጀምሪ፣ ውሳኔው እዚያ በአጭሩ ተቀምጧል። ከዚያ ወደ ቀረቡት ጥያቄዎች ተመለሺ፣ ከዚያ ምክንያቱን። አንቀጾቹ ቁጥር ስላላቸው ስትጠቅሺ ገጽ ሳይሆን የአንቀጽ ቁጥር ጻፊ። ከፍርዱ በፊት ለፍርድ ቤቱ ሐሳብ የሚያቀርበው የአድቮኬት ጄኔራሉ አስተያየት ደግሞ ፍርድ አይደለም፣ ፍርድ ቤቱ ሊከተለውም ላይከተለውም ይችላል።

የቆዩ ፍርዶች ላይ የስምምነቱ አንቀጽ ቁጥር ከዛሬው ይለያል። ቁጥሮቹ በ1999 አንዴ፣ በ2009 ደግሞ እንደገና ተቀይረዋል። የትርጉም ጥያቄ የሚላክበት ድሮ 177 ነበር፣ ከዚያ 234፣ ዛሬ 267 ነው። የውድድር ሕጎቹ 85 እና 86 የነበሩት 81 እና 82 ሆነው አሁን 101 እና 102 ናቸው። የዕቃ ዝውውሩ ደግሞ 30፣ ከዚያ 28፣ አሁን 34። በተለይ ይሄኛው ያሳስታል፣ ዛሬም አንቀጽ 30 እና 28 የሚባሉ አሉ፣ የሚሉት ግን ሌላ ነው። ማዛመጃ ሠንጠረዡ ከስምምነቶቹ የተጠቃለለ ጽሑፍ ጀርባ ታትሟል፣ አትመሽ ከፍርዶቹ ጋር አብረሽ ያዢው።